በማን ቃል ታድራላችሁ?

ደሴ ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሁሉ «እንግዲህ ዐረፍሽ፣ ሰዓዳ» ይለኛል። ማረፉን ግን አልቻልኩበትም። ቁጭ ስል እግሬ ተነሺ ተነሺ ይለኛል፤ ስነሣ ደግሞ የምሄድበት የለኝም። ገበያ ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ ከሰማሁ፣ ሁለቱም አማርኛ እየተናገሩ፣ አንዱ ያለውን ለሌላው በሆዴ መተርጎም እጀምራለሁ። ዐረብ አገር፣ ኾባር ውስጥ በአንድ የግል ሆስፒታል ስድስት ዓመት ግድም ሐኪምና በሽተኛ ሳነጋግር የኖርኩ ሰው ነኝ። ጆሮዬ ሥራ መፍታቱን እስካሁን አላመነም።

ከሥራ ያሰናበተኝ ታብሌት ነው። እንደ ፈረንጆች በ2019 መሆኑ ነው፤ ቢሯችን የሚናገሩበትን ወደ ሌላ ቋንቋ የሚገለብጥ ታብሌት አመጣ፤ እኛ አስተርጓሚዎች ደግሞ ውላችን እንደማይታደስ ተነገረን። አልተቀየምኩም። ግን ዕቃውን ሳልፈትን መሄድ አላስቻለኝም። ቢሮው ጭር ሲልልኝ አነሣሁትና አንድ የእንግሊዝኛ አነጋገር ነገርኩት፤ «ሁ ኮልስ ዘ ሾትስ ሂር?» አልኩት። ትንሽ አሰበና በአማርኛ «እዚህ ጥይቶቹን የሚጠራው ማነው?» ብሎ ጻፈልኝ።

ብቻዬን ሳቅሁ። ሳቄ ግን ብዙ አልቆየም። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ይህን ሲል ስለ ጥይት እያወራ አይደለም፤ አዛዡ ማነው፣ የመጨረሻው ቃል የማን ነው ማለቱ ነው። ይህችን ጥያቄ ወደ ሌላ ቋንቋ ለማሻገር የደከምኩትን ያህል በሌላ በምንም አልደከምኩም። የአንዲት ልጅን ጣትም በልታለች።

ኾባር የገባሁት በ2013 ነው። ደሴ ነርስ ነበርኩ፤ እንግሊዝኛዬ የነርስ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ፣ ዐረብኛዬ የቁርኣን ቤት ዐረብኛ ነበር። ማንበብ እንጂ መናገሩ ላይ የለሁበትም። የተቀጠርኩት ለነርስ ረዳትነት ነው። ያን ዓመት የወረቀት ቁጥጥሩ የጠበቀበት ስለነበር ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ እስኪደርስ ድረስ ዐቅረቢያ በሚባለው ሰፈር ካለው የሴት ሠራተኞች አፓርታማና ከሆስፒታሉ በቀር የማውቀው አገር አልነበረኝም። አልጋ አነጥፋለሁ፣ ቁስል አጥባለሁ፣ ሥራዬን ጨርሼም መቀመጥ ስለማልወድ ኮሪደሩን እዞራለሁ። ያ መዞሬ ነው አስተርጓሚ ያደረገኝ።

አንድ ቀን ስዞር ዶክተር ኦወን ጠራኝ። የቀዶ ጥገና ሐኪም ነው፤ አየርላንዳዊ፣ ረጅም፣ ሲናገር የቃላቱን ጭራ የሚውጥ። ደግ ሰው ነው፤ ቅንድቡ ግን ያስፈራል። አልጋው ላይ እግሯ የተሰፋ የደብረ ብርሃን ሴት ተኝታለች።

«አማርኛ ትችያለሽ አይደል? በይ ጠይቂልኝ። ሁ ኮልስ ዘ ሾትስ አት ሆም?»

ነርስ ነኝ። በኔ ጆሮ ሾት ማለት መርፌ ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ወደ ሴትየዋ ዞርኩና «ቤት ውስጥ መርፌ የሚወጋሽ ማነው?» አልኳት።

ሴትየዋ አመድ መሰለች። «መርፌ? እኔ? ኧረ በማርያም! ማነው እንዲህ ያለው? ማዳም ናት እንዴ?» አለችና የጤና ችግር አለባት ብለው ሊመልሱኝ ነው ብላ ታለቅስ ጀመር። ዶክተሩ እኔን ያያል፣ እኔ እሱን አያለሁ። እሱ የፈለገው ሌላ ነው፤ እግሯ እስኪድን ከባድ ሥራ እንዳትሠራ ሊነግርላት አስቦ፣ በቤቱ ቃሉ የሚሰማው ማን እንደሆነ ለማወቅ ነው።

በሩ ላይ የቆሙ አንዲት ሴትዮ ገቡ። ዶክተሩን በእንግሊዝኛ «ማወቅ የምትፈልገው ምንድነው?» አሉት። ነገራቸው። ከዚያ በተሰባበረ አማርኛ ሴትየዋን «በቤት፣ ዕረፊ ብሎ ዕረፍት የሚሰጥሽ፣ ማዳም ነው? ባባ ነው?» አሏት። እንባዋን ጠርጋ «ማዳም ናት» አለች። አለቀ።

እኚህ ሴት ሲት ነፊሳ ነበሩ። ሱዳናዊት ናቸው፤ «ሲት» በአገራቸው ወይዘሮ እንደማለት ነው። ገዳሪፍ ያደጉ ስለሆኑ ከጎረቤቶቻቸው የለቀሟት አማርኛ አለቻቸው። የአስተርጓሚዎች ኃላፊ ነበሩ። ከክፍሉ ስንወጣ እጄን ያዙና «ቀለሟን አየሁ፤ የደነገጠች ሰው ቀለም ነው። ቋንቋ አለሽ፣ ሥራው ግን የለሽም። ነገ እኔ ጋ ነይ» አሉኝ።

እንዲህ ነው ሙያ የቀየርኩት።

ሲት ነፊሳ የማይለቁት ልማድ ነበራቸው። ክፍል ሲገቡ በሐኪሙና በበሽተኛው መካከል አይቆሙም፤ ከበሽተኛው ትከሻ ኋላ ግማሽ እርምጃ ፈቀቅ ብለው ይቆማሉ። «ሁለቱ ይተያዩ፤ እኔን ማየት ምን ያደርግላቸዋል?» ይላሉ። «ታማሚዋ አመመኝ ትላለች» አይሉም፤ «አመመኝ» ይላሉ፣ በራሳቸው አፍ፣ ሕመሙ የራሳቸው ይመስል። አንድ አነጋገር አልሻገር ሲላቸው አፍረው አይሸፋፍኑትም። አንዲት ጣት ያነሡና ተናጋሪውን «ማወቅ የምትፈልገው ምንድነው?» ይሉታል። ታላላቅ ሐኪሞች ሲናደዱ አይቻለሁ፤ እሳቸው ጣታቸውን አያወርዱም።

ከሥራ በኋላ ደግሞ የአደጋ መውጫው ደረጃ ላይ ያስቀምጡኝና፣ ቅርንፉድ እያኘኩ፣ የዋልኩበትን ሁሉ ወደ ኋላ ያስተረጉሙኛል። ወደ አማርኛ ያመጣሁትን ወደ እንግሊዝኛ መልሺ ይሉኛል። ሲመለስ ሌላ ነገር ሆኖ ከመጣ «ይኼ መንገድ ላይ ሞቷል» ይላሉ። መጀመሪያ አካባቢ ብዙ ሞቷል። ዐረብኛዬንም ያቃኑልኝ በዚያው ደረጃ ላይ ነው፤ ከዓመት በኋላ ቀስ ብሎ የሚናገረኝን ሰው ሁሉ እሰማ ነበር።

ያችን የሾት ነገር ልተዋት አልቻልኩም። ለምን ያን ያህል እንዳፈርኩ አላውቅም፤ ብቻ እንደ እሾህ ተሰክታብኝ ነበር። አንድ ቀን ደረጃው ላይ፣

«በናንተ እንዴት ነው የሚባለው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አዛዥ ናዛዥ እንላለን» አልኳቸው። አዛዥ ያው አዛዥ መሆኑን፣ ናዛዥ ደግሞ ክርስቲያኖቹ ዘንድ ኃጢአት ሰምቶ የሚፈታ ቄስ መሆኑን አስረዳሁ። ደስ አላቸው። «እኛ አል ኣሚር ወን ናሂ እንላለን፤ የሚያዝዝና የሚከለክል። ወንድማማቾች ናቸው!»

«አድራጊ ፈጣሪም እንላለን።»

«ፈጣሪ? አስተግፊሩላህ! ሰውን?»

«ስድብ አለበት። አለቅጥ ያዘዘውን ነው እንዲያ የምንለው።»

ያኔ ማኘካቸውን አቆሙ። «አየሽ፣ ሰዓዳ፣ ሁሉም ውስጡ አንድ ነገር አለው። ያንቺው ስድብ አለው፣ የኛው ንጉሥነት አለው። እንግሊዝኛው ምን እንዳለው አላውቅም፤ ቀለል አድርገው ነው የሚሉት።»

ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ መጠየቅ ያዝኩ። የፊሊፒንስዋ ነርስ በቋንቋዋ «የሚከተሉት ማንን ነው?» እንደሚሉ ነገረችኝ። የሆስፒታሉ ፓኪስታናዊ ሾፌር ደግሞ «የማን ይሄዳል?» እንላለን አለኝ። የባሕረ ሰላጤው ዐረቦችም ከዚህ የማይርቅ አላቸው፤ «የምትራመደው የማን ቃል ናት?» ይላሉ። እኔ በመጨረሻ የያዝኳት «በማን ቃል ታድራላችሁ?» የምትለውን ነው። ስድብም ንጉሥም የለባትም። ለሲት ነፊሳ ወስጄ ሳሳያቸው ወደ ኋላ አስተረጎሙኝና «ይቺ በሕይወት ደረሰች» አሉ። እንደ ሕፃን ነው የፈነደቅኩት።

ትርንጎ የመጣችው በ2015 ነው።

ከደብረ ማርቆስ ዙሪያ የመጣች፣ ኾባር ከገባች ገና ጥቂት ወር የሆናት ልጅ ናት። ከዐረብኛ የምታውቀው የማድ ቤት ቃል ብቻ ነው፤ ዓሣ፣ ቢላ፣ ቶሎ፣ ኸላስ ማለትም በቃ። ሐሙር የሚሉትን ዓሣ ስታጸዳ እሾኹ የቀኝ እጇን ሌባ ጣት ወጋት። ሥራ አቆመች እንዳትባል ፈርታ ደበቀችው። እኛ ጋ ስትደርስ ጣቷ እንደ ቃርያ አብጦ፣ ቅላቱ ወደ መዳፏ እየወረደ ነበር።

ሦስት ሰው ተከትሏታል። ካፊሏ፣ በስሙ ያስመጣት አሠሪዋ፣ ናስር፤ አርባ ያልሞላው፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ስልኩን ከእጅ እጅ የሚያገላብጥ ሰው። ሚስቱ። እናቱ ኡም ናስር፤ ከዘራ የያዙ፣ ስኳር ያለባቸው ትልቅ ሴትዮ።

ሲት ነፊሳ በዐረብኛና በእንግሊዝኛው፣ እኔ በአማርኛው ነን። እኔ እንደ ልማዳችን ከትርንጎ ትከሻ ኋላ ቆሜያለሁ። ዶክተር ኦወን እጇን አየ፣ ጣቷን ቀስ አድርጎ ዘረጋ፤ ጮኸች። «መግሉ ጅማቱን ይዞ እየሄደ ነው። ዛሬውኑ መከፈት አለበት። ነገ አይሆንም» አለ።

ሲት ነፊሳ ለቤተሰቡ በዐረብኛ ተናገሩ። እኔ ገና ለትርንጎ አፌን ሳልከፍት ክፍሉ በጫጫታ ተሞላ። ሚስትየው «መድኃኒት ስጧትና ቤት ትዋጠው» ትላለች። ኡም ናስር ከዘራቸውን ወለሉ ላይ እየመቱ «የዓሣ እሾህ በቢላ አይነካም! ቢላ ከነካው እጁ ይደርቃል፣ በአባቴ ቤት አይቼዋለሁ» ይላሉ። ናስር አንዴ ወደ እናቱ፣ አንዴ ወደ ሚስቱ ይዞራል፤ «ቆይ… እማ… ቆይ» ይላል። ዐረብኛው ፈጥኖብኝ ግማሹ ብቻ ነው የሚደርሰኝ። ትርንጎ አንገቷን ወደኔ ቀልሳ «ምንድነው የሚጣሉት?» አለችኝ። «ቆይ፣ እነግርሻለሁ» አልኳት።

ዶክተሩ ታገሠ፣ ታገሠ፣ ከዚያ እጁን አጨበጨበ። «ኦልራይት! ሁ ኮልስ ዘ ሾትስ ሂር?»

ሲት ነፊሳ ጣታቸውን አላነሡም። ምን ያነሡበታል? ይህችን ጥያቄ ከማንም በላይ ያውቋታል። ወደ ናስር ዞሩና ጥርት ባለ ዐረብኛ «ሚን አል ኣሚር ወን ናሂ ሂና?» አሉ። እዚህ የሚያዝዘውና የሚከለክለው ማነው?

የናስር ጆሮ ሲቀላ አየሁት። እናቱ ይመለከቱታል፣ ሚስቱ ትመለከተዋለች፣ ባዕድ ሐኪም ይመለከተዋል። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ፣ ወላሂ፣ ልቡ ወደ ዶክተሩ ያደላ ይመስለኝ ነበር።

«አና!» አለ። «እኔ ነኝ። የማዝዘው እኔ ነኝ። ያላ፣ እንሄዳለን።»

«ሰውዬ፣ ዛሬ ካልተከፈተ…» ብለው ሲት ነፊሳ ሲጀምሩ፣

«ኸላስ!»

ትርንጎን በክንዷ ይዟት ወጣ። አልጎተታትም፤ እሷም አልታገለችም። ታማሚ ትሁን ተከሳሽ ያልለየላት ሰው እንደምትሄደው ነው የሄደችው። በሩ ላይ ዞራ አየችኝ። እነግርሻለሁ ያልኳት ገና አፌ ላይ ነበር።

ዶክተሩ እስከ አሳንሰሩ ድረስ ተከትሎ ለመናቸው። ለሆስፒታሉ ኃላፊዎችም ተናገረ፤ ስልክ ተደወለ፣ አልተነሣም። እኔ ያንን ቀን የት እንደዋልኩ አላውቅም። አራተኛ ፎቅ ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ የድንገተኛ በር ላይ ቆምኩ፣ መኪና በመጣ ቁጥር አንገቴን አሰገግኩ።

ከሁለት ቀን በኋላ ራሱ ናስር ተሸክሟት መጣ። ትኩሳቱ አስቷታል። ዶክተር ኦወን ክንዷን አተረፈ፣ መዳፏን አተረፈ። ሌባ ጣቷን ግን ከሥሩ ቆረጠው።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ እኔና ሲት ነፊሳ በየቀኑ እንጠይቃት ነበር። እጇ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ተሰቅሏል። ትኩሳቱ ለቀቅ ባደረጋት ጊዜ እንዲህ አለችኝ፤

«እትዬ ሰዓዳ፣ ያን ዕለት ዶክተሩ ምን ብሎት ነው ሰውዬው እንዲያ የተቆጣው?»

«የሚያዝዘው ማነው፣ ብሎ ጠየቀ።»

«ስለ ምኑ?»

«ስለ እጅሽ።»

ፊቷን ወደ ተጠቀለለው እጇ አዞረችና፣

«እኔ እኮ እዚያው ነበርኩ» አለች። «ብትጠይቁኝ፣ ቅደዱት ነበር የምለው።»

ሲት ነፊሳ አማርኛቸው ትንሽ ናት፤ ይህችን ግን ሰሟት። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ያ ጥያቄ በዐረብኛ ተጠይቋል። በታጋሎግና በኡርዱ እንዴት እንደሚባል ነርሷንና ሾፌሩን ሳይቀር ጠይቄያለሁ። ለአማርኛውም የተሻለውን ቃል መርጬ ይዤ ነበር። እጁ የራሷ የሆነችው ልጅ በቋንቋዋ ሳትጠየቅ ቀረች። የሆስፒታሉም ሕግ አዋቂ በሽተኛ ፈቃዱን ራሱ ይሰጣል የሚል ነው፤ ዶክተሩ ያውቃል፣ ሲት ነፊሳ ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ካፊልና ማዳም በቆሙበት ክፍል ግን ሁላችንም ፊታችን ወደነሱ ነበር።

በማግስቱ ሲት ነፊሳን ደረጃው ላይ አገኘኋቸው። ቅርንፉድ አላኘኩም።

«ወደ ኋላ መልሼ መልሼ አየሁት» አሉኝ። «ቃሉ ልክ ነው። እንከን የለበትም። የጠየቅነው ሰው ነው ልክ ያልሆነው።»

«እርስዎ ምን ያድርጉ? ዶክተሩ ያለውን ነው የተረጎሙት።»

«የደብረ ብርሃኗ ሴት ጊዜ ምን ብዬ ጠየቅሁት? ማወቅ የምትፈልገው ምንድነው? ይህን ጊዜ ለምን አልጠየቅሁትም? ስለማውቀው! የምታውቂውን ቃል ፍሪ፣ ሰዓዳ።»

ከዚያ በኋላ በሽተኛ ክፍል አልገቡም። ቢሮ ተቀምጠው ጥቂት ወራት ሠሩና ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛ፣ አስመትተው ወደ ገዳሪፍ ተመለሱ። ኪንግ ፋህድ አየር ማረፊያ ድረስ ሸኘኋቸው። መንገዱን ሙሉ ሻንጣቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ ሄዱ፤ የረሱት ነገር ግን አልነበረም።

ትርንጎ ከሆስፒታል የምትወጣበት ቀን ሲደርስ ቤተሰቡ ተሰበሰበ። ናስር ከስቷል። ለዶክተሩ «ወደ አገሯ ልልካት ነው፤ ኹሩጅ አስመታላታለሁ፣ ቲኬቱንም እኔው እቆርጣለሁ» አለ። ለሷ ያሰበ ነው የመሰለው።

ዶክተር ኦወን ወደሱ አልዞረም። ወንበር ሳበ፣ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጠና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የቃላቱን ጭራ ሳይውጥ፣ «አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?» አላት። ተረጎምኩ። ትርንጎ እኔን ሳይሆን እሱን እያየች መለሰች፤

«በዚህ እጅ አገሬ አልገባም። ሥራ እፈልጋለሁ። እነሱ ቤት ግን አልመለስም።»

እንዳለችው ወደ ዐረብኛ አመጣሁት። ናስር «ማ ዪሲር! ይኼማ አይሆንም» ብሎ ብድግ አለ። ያኔ ኡም ናስር ከዘራቸውን አነሡና በልጃቸው ጉልበት ላይ አሳረፉት። «ተቀመጥ። ልጅቷ ተናግራለች። ወደ ሌላ ካፊል ትዛወር፤ ወረቀቷን ፈርም።» ተቀመጠ። ፈረመም፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ትርንጎ ደማም ከተማ አንዲት አስተማሪ ቤት ሥራ ገባች።

ከክፍሉ ሲወጡ ኡም ናስር ወደኋላ ቀሩ። አልጋው አጠገብ መጥተው፣ ወደኔ ሳይሆን ወደ ፋሻው እያዩ፣ «ንገሪያት፤ ቢላ አይንካት ያልኩት እኔ ነኝ። ሳሚሒኒ በያት። ይቅር ትበለኝ» አሉ።

ነገርኳት።

«ቆይቼ እነግራታለሁ በያት» አለች።

ይህንንም ተረጎምኩ። አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁና ሄዱ።

እንግዲህ ዕረፍት ያጣሁት ከዚያ ወዲህ ነው። ኡም ናስር ለስኳራቸው በየጊዜው ሆስፒታል ይመጣሉ፤ በመጡ ቁጥር መጀመሪያ የሚፈልጉት እኔን ነው። በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ሆነ አመጣጣቸው፤ ፊሊፒንሳዊቷን አስታማሚያቸውን በከዘራቸው ወደኔ ጠረጴዛ እየመሩ ይመጡና፣

«መልስ መጣ?» ይሉኛል።

«ማፊ፣ ያ ኻላ። ገና ነው።»

«ኢንሻአላህ» ይሉና ይሄዳሉ።

መልእክት ይዞ አለማድረስ ለኔ ሙያ የሚያሳክክ ነገር ነው። ከትርንጎ ጋር ዓርብ ዓርብ በስልክ እንገናኛለን፤ ስለ አስተማሪዋ ልጆች፣ በአራት ጣት ሽንኩርት ስለ መክተፍ ታጫውተኛለች። አንድ ጊዜ ብቻ አሮጊቷን አነሣሁባት። «አሁን አይደለም፣ እትዬ ሰዓዳ» አለች። ሁለተኛ አላነሣሁም፤ ግን ከስልኩ በኋላ ኮርኒሹን፣ የባሕሩን ዳር፣ ተረከዜ እስኪያብጥ እመላለስበት ነበር። አንዴ ለአሮጊቷ አዝናለሁ፣ አንዴ ለልጅቷ እቆማለሁ።

ሥራዬን በተመለከተ አንድ ነገር ቀየርኩ። ሐኪም ከተናገረ በኋላ ክፍሉ ውስጥ ማንም ይኑር ማን፣ መጀመሪያ የሚሰማው በሽተኛው ነው። እጄን አነሣለሁ፣ «አንድ ጊዜ» እላለሁ፣ ወደ አልጋው እዞራለሁ። ካፊሎች ተቆጥተውኛል። ከሲት ነፊሳ በኋላ የተሾመው ዮርዳኖሳዊ አለቃዬ «ቤተሰቡን አስቀይመሽ ሰዓት ታባክኛለሽ» ብሎ ሁለቴ አስጠንቅቆኛል። ዶክተር ኦወንም ከልማዱ የተነሣ «ሁ ኮልስ…» ብሎ ይጀምርና አፉን ይይዛል። ከዚያ ወደ በሽተኛዋ ዞሮ በቀላሉ ይጠይቃታል። ብዙዎቹ ሴቶች መጀመሪያ «እኔ ነኝ የምናገረው?» ይላሉ። «አዎ፣ አንቺ» እላቸዋለሁ። አንዳንዷ እንዲያም ብያት «ማዳም ያለችው ይሁን» ትላለች፤ ያንንም እንዳለ እተረጉማለሁ።

የመጨረሻው ሳምንቴ ላይ ኡም ናስር እኛው ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ስኳሩ ዓይናቸውን ወስዶታል፤ እግራቸውም አልድን ብሎ ነበር። ዓርብ ዕለት ትርንጎ ልትሰናበተኝ ከደማም መጣች። ወፍራለች፣ አባያዋ በልኳ የተሰፋ ነው፣ ስልኳን በአራቱ ጣቷ እንደ ማንኛውም ሰው ትነካካለች። ጠረጴዛዬን እያራገፍኩ ነበር። ማን ከላይ እንደተኛ ልንገራት አልንገራት እያልኩ ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ተቀመጥኩ።

በመጨረሻ «ኡም ናስር እዚህ ናቸው» አልኳት።

የራሷን ነገር ራሷ የምትወስን ሰው ፊት ነው ያየሁባት። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለችና «የትኛው ፎቅ?» አለች።

ስንገባ አሮጊቷ የእግር ኮቴ ሰምተው «ሚን?» አሉ። ማነው? እኔ እንደ ልማዴ ከአልጋው ኋላ ቦታዬን ይዤ ለመናገር ትንፋሽ ሳብኩ። ትርንጎ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

«አና ትርንጎ፣ ዩማ» አለች። ትርንጎ ነኝ፣ እማዬ።

በዐረብኛ ነው። የመጽሐፍ ዐረብኛ አይደለም፤ የደማም ማድ ቤት፣ የገበያ፣ የልጆች ማባበያ ዐረብኛ፣ ግን የራሷ። እኔ በስልክ ሁልጊዜ በአማርኛ ስለምናወራ ይህን ያህል መማሯን አላወቅሁም ነበር።

አሮጊቷ እጃቸውን አየር ላይ ዘረጉ። ትርንጎ የቀኝ እጇን ሰጠቻቸው። ዳሰሱት፤ አውራ ጣቷን፣ ከዚያ ባዶውን ቦታ፣ ከዚያ የቀሩትን።

«ቆይቼ እነግርሻለሁ ብዬሽ ነበር» አለቻቸው። «ያኔውኑ ብመልስልሽ ኖሮ መልሴ እምቢ ነበር። በኋላ ደግሞ እሺ የምልበት አፍ አልነበረኝም። በሰው አፍ ልልክልሽ አልፈለግሁም።»

«ያመኛል?» አሉ አሮጊቷ። «ያምሻል?» ማለታቸው ነው፤ እንባ ቃሉን አሳሳታቸው።

«ኤሲ ሲበርድ ያመኛል። የሌለው ጣት ነው የሚያመኝ። እውነቱ ይኼ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

«ሳመሕተክ» አለች ትርንጎ። ይቅር ብዬሃለሁ።

ለሴት እንዲያ አይባልም፤ የወንድ አጠራር ነው። የአስተርጓሚ አፌ ሊያርማት ተከፈተ። ኡም ናስር ግን ያችን እጅ በሁለት መዳፋቸው መካከል ከተው፣ ኤሲው እንዳያበርዳት የፈሩ ይመስል፣ እያሻሹ ያሞቋት ነበር። «ልጆች አሉ በምትሠሪበት ቤት?» ብለው ሲጠይቋት፣ እሷም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስማቸውን አንድ በአንድ ስትነግራቸው ሰማሁ። ማናቸውም ወደኔ አልዞሩም። ቀስ ብዬ ወጣሁና በሩን መለስኩት።